የፊንፊኔው መነኩሴ፦ የአቡነ ማስያስ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

 ፈጣሪ ይመስገን ለዘንድሮውም መጽሔት አድርሶናል። እኛ የቢሮ ጸሐፊ ነበርን እንጂ ደራሲ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ነው። ስለዚህ በጽሑፋችን ላይ ስሕተት ብታገኙ በይቅርታ እንድታልፉን ከወዲሁ እንለምናለን።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣንበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ባለፈው ዓመት ከነባር አባሎቻችን አንዲት እናት ዐርፈው፣ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ስለነበሩ ለቀብር ወደ ካቶሊኮች መካነ መቃብር ሄደን ነበር። እንደ ወትሮው ኦርቶዶክሱም እስላሙም ጴንጤውም አንድ ላይ ቆመን ሳለን፣ ቡናማ ቀሚስ የለበሱ፣ ወገባቸውን በነጭ ገመድ የታጠቁ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ መነኮሳት መጥተው ጸሎት አደረሱ። ከየት እንደመጡ ብንጠይቅ ሁሉም የአገራችን ልጆች ናቸው፤ አንዱማ የዚሁ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ካፑቺን እንደሚባሉና የማኅበራቸውን ሥራ በኦሮሞና በሸዋ ምድር የጀመሩት አቡነ ማስያስ የሚባሉ ጣሊያናዊ እንደሆኑ ነገሩን።

ስንመለስ እመኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ አባላችን እኝህ ሰው ጣሊያንን እየመሩ ያስገቡ ሰላይ ናቸው አሉ። ሌላው ደግሞ የለም፣ በሽተኛ ያከሙ ደግ ሰው ናቸው ብለው ተቆጡ። ነገሩ ተካረረና ሁለቱ አባሎች፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ድንኳን አብረው የተከሉ ሰዎች፣ ሁለት ወር ሙሉ በስብሰባ ላይ እግዜር ይስጥልኝ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። በመጨረሻ የዕድራችን ዳኛ ነገሩ በጩኸት እንደማይፈታ ስለገባቸው፣ አንብበን እንድናጣራና በመጽሔቱ ላይ እንድናወጣው ለእኛ ሰጡን። እኛም የተገኘውን መጽሐፍ አገላብጠን፣ ልጆቻችንም የውጭውን ቋንቋ እየተረጐሙልን፣ የደረስንበትን እነሆ አቅርበናል። ዘመኑን የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እያልን ለይተን እናመለክታለን።

ትውልድና ጥሪ

ሎሬንዞ ማሳያ የተወለደው በጣሊያን አገር በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር በሰኔ ወር 1809 ነው። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። መንደሪቱ ዛሬ በእሱ ስም ፒዮቫ ማሳያ ትባላለች። ልጁ ትምህርት እንደሚቀበል ስለታየ አስቲ ወደምትባለው ከተማ ተልኮ ተማረ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ ማለት በ1826፣ ቶሪኖ ከተማ አጠገብ ባለው የካፑቺኖች ገዳም ገብቶ ቀሚሱን ለበሰ። የዓለም ስሙንም ትቶ ጉልየልሞ ተባለ። ከዚህ በኋላ እኛም አንተ ማለቱን ትተን እሳቸው እያልን እንቀጥላለን።

እዚህ ላይ ካፑቺን ማለት ምን እንደሆነ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ የሚባሉት በ1226 ያረፉት አባት፣ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ሆነው ሳለ ሁሉን ትተው እንደ ድኻ የኖሩ ናቸው። ተከታዮቻቸው እርስ በርሳቸው ጌታና ሎሌ እንዳይባባሉ ታናናሽ ወንድሞች ተባሉ። ዘመን ሲረዝም ግን ማኅበሩ እየለሰለሰ ሄደ፤ ቤቱም ንብረቱም በዛ። በዚህ ያዘኑ መነኮሳት ወደ ጥንቱ ድህነት እንመለስ ብለው ተለዩ፤ በ1528ም ከሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፈቃድ አገኙ። ቀሚሳቸው ሹል ቆብ ስላለው ሕዝቡ በጣሊያንኛ በቆቡ ስም ካፑቺን አላቸው። በፒያሳ ቡና ቤቶች ካፑቺኖ ብለን የምናዘው ወተት ያለበት ቡናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከመነኮሳቱ ቀሚስ ቀለም ነው። ስንት ዓመት ጠጥተነው ይህን ሳናውቅ መቅረታችን ያስቃል።

ካፑቺን ለመሆን የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ጥሪ አለኝ ብሎ ይመጣል። ወዲያው ግን አይቀበሉትም። አንድ ዓመት ያህል ከነሱ ጋር እየኖረ፣ እየጸለየ፣ እየጠረገ፣ ወጥ ቤት እየሠራ ይፈተናል፤ እሱም እነሱን ይፈትናቸዋል። ከዚያ በኋላ በሦስት ነገር መሐላ ይገባል፤ ይኸውም በድህነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት ነው። በገመዳቸው ላይ የምናያቸው ሦስት ቋጠሮዎች የእነዚህ ምልክት ናቸው። የግል ገንዘብ የላቸውም፤ የመጣው ሁሉ ለማኅበሩ ነው። በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፤ የሞተውን ራሳቸው ይቀብራሉ። ታዛዥነት ማለት ደግሞ አለቃው ሂድ ወዳለው መሄድ ነው። እኔ የምወደው እዚህ ነው ማለት አይቻልም። እንዲያው ስናስበው ነገሩ ከዕድር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ እኛ ወር በገባ የተወሰነ መዋጮ እናወጣለን፤ እነሱ ግን ራሳቸውን ነው የሚያዋጡት።

ጉልየልሞ በ1832 ቅስና ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የበሽተኞች አጽናኝ ቄስ ሆነው አገለገሉ። በዚያም ከሐኪሞቹ ሥር ሥር እያሉ ቁስል ማጠብን፣ መድኃኒት መስጠትንና ሌላም የሕክምና ሙያ ተማሩ። ይህች የሁለት ዓመት ትምህርት ኋላ በአገራችን ከስብከቱ ይልቅ ብዙ በር የከፈተችላቸው ናት። ከዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ለወጣት መነኮሳት አስተማሪ ሆነው ተቀመጡ።

ወደ ኢትዮጵያ የተደረገ ጉዞ

በዚያን ዘመን አንቶዋን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ በአገራችን ብዙ ዓመት ተቀምጦ፣ ለኦሮሞ ሕዝብ ሰባኪ ይላክ ብሎ ወደ ሮማ ጻፈ። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ የኦሮሞን አገር አንድ የስብከት ክልል አድርገው ለካፑቺኖች ሰጡ። ለዚህም ሥራ አባ ጉልየልሞ ተመረጡና በግንቦት ወር ጵጵስና ተቀቡ። ሠላሳ ሰባተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ምጽዋ ደረሱ። በትግራይ የላዛሪስቶች ማኅበር አባል የሆኑትን፣ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ የሚባሉትን ጀስቲን ደ ያቆቢስን አገኙ። ነገር ግን የዘመኑ ጳጳስ ግብጻዊው አቡነ ሰላማ የሮማን ሰባኪዎች አጥብቀው ይቃወሙ ነበርና መንገዱ ተዘጋባቸው። ይህ ተቃውሞ ከመሬት የወጣ አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ምክር የሮማን እምነት በግድ እናስገባ ብለው ብዙ ሕዝብ አልቋል። በ1632 ዐፄ ፋሲል ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ። የተቃጠለ ሰው አመድ ይፈራል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ከሮማ የመጣ ቄስ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር።

አቡነ ማስያስ ከአገር ወጥተው ወደ ዓደን ተሻገሩ። በጥር ወር 1849 ምጽዋ ላይ በሌሊት፣ በተሸሸገ ቤት፣ አቡነ ያዕቆብን ጳጳስ አድርገው ቀቡ። ከዚያ አውሮፓ ደርሰው በግብጽ በኩል ተመለሱና ዓባይን ተከትለው በሱዳን በረሃ ገቡ። ቀሚሳቸውን አውልቀው የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውንም በእናታቸው ቤተሰብ ስም አንቶኒዮ ባርቶሬሊ አሰኝተው ነበር። እንዲህ ሲንከራተቱ ቆይተው በኅዳር 1852 ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ገቡ። ተላኩ ከተባሉበት አገር ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። እኛ አንድ ማመልከቻ ሦስት ወር ቢዘገይ ጨጓራችን ይላጣል፤ እሳቸው ስድስት ዓመት ደጅ ጠኑ።

አብረዋቸው ከተላኩት ካፑቺኖች አንዱ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበሩ። እኝህ በበጌምድር ተቀምጠው ግዕዝ ተማሩ። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለውን የታወቀ መጽሐፍ ወደ አውሮፓ የላኩት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ራሳቸው አባ ጁስቶ ናቸው በሚለው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የፈንጣጣ አባት

በጉድሩ፣ በሊሙ፣ በእናርያ፣ በጌራና በከፋ አቡነ ማስያስ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሩ። የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን ምግብ በሉ፤ ኦሮምኛና አማርኛ አጠኑ። በባርነት የተሸጡ ልጆችን እየገዙ ነፃ ያወጡ ነበር። ከአገሬው ልጆችም መርጠው አስተምረው ቅስና ሰጡ። ነጩ ቄስ አንድ ቀን መሄዱ ስለማይቀር ሥራውን የሚይዝ የአገሩ ልጅ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ስማቸውን ያስጠራው የፈንጣጣ ክትባት ነው። የዛሬ ልጆች ፈንጣጣን አያውቁትም። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ አንድ መንደር ከገባ ቤቱን ባዶ አድርጎ ይወጣ ነበር፤ ያልገደለውንም ዐይኑን ያጠፋዋል ወይም ፊቱን ያበላሸዋል። አቡነ ማስያስ በሆስፒታል የተማሩትን ክትባት ይዘው መጡና ከአንዱ ሰው ክንድ ወደ ሌላው ሰው ክንድ እያሻገሩ ብዙ ሺሕ ሰው ከተቡ። ዋጋ አይጠይቁም፤ ሃይማኖትም አይጠይቁም። ሰዉም የፈንጣጣ አባት ብሎ ሰየማቸው። ስብከታቸውን የማይቀበለው ሳይቀር ልጁን ታቅፎ ይመጣ ነበር።

ይህን ስናነብ እጅጌያችንን ሰብሰብ አድርገን ክንዳችንን አየን። በእኛ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ እዩት፤ ያቺ ክብ ጠባሳ አለች። ፈንጣጣን ከአገራችን ለማጥፋት ትልቁ ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው። እኛ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ገደማ ልጆች ነበርን፤ ከታቢዎቹ ሲመጡ አልጋ ሥር ገብተን በእግራችን ተጎትተን እንደወጣን አንረሳውም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 ታየ፤ በ1980 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ። ከዚህ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አንድ መነኩሴ ጉድሩ ላይ ያንኑ ሥራ በእጁ ይሠራ ነበር።

መከራው ግን አልተለያቸውም። ቡና መገኛ ወደሆነችው ወደ ከፋ በ1859 ገብተው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በ1861 ተባረሩ። በ1863 ከአገር ለመውጣት ሲጓዙ በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ተያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ከተነጋገሩ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ አክብረው ለቀቋቸው። እኛ በየቀኑ በቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ እናያለን። ቁጣቸውን ሁሉም ያወራዋል፤ እንዲህ ያለው ምሕረታቸው ግን ብዙም አይነገርም።

ፊንፊኔ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት

አቡነ ማስያስ አውሮፓ ተመልሰው ሥራ አልፈቱም። በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1867 ደግሞ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የያዘ መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ ጽፈው ፓሪስ ላይ አሳተሙ። ከዚያ በባሕር ዞረው በ1868 ሸዋ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ተጠግቶ ነበር።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ከመጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናቸው። አቡነ ማስያስ ወደ ኦሮሞ አገር ልሂድ ቢሉም ንጉሡ ወደዷቸውና አጠገቤ ሁኑ ብለው ያዟቸው። የሕክምናም የፖለቲካም አማካሪ አደረጓቸው፤ ወደ አውሮፓ ነገሥታት ለሚጻጻፉትም ደብዳቤ ይረዷቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሠፈር መጣን። ንጉሥ ምኒልክ በ1868 ለአቡነ ማስያስ የስብከት ቦታ የሰጧቸው ፊንፊኔ ላይ ነው። ቦታው ቢርቢርሳ ይባል ነበር። ቢርቢርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው። የአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢም የጥንት ስሙ ቢርቢርሳ እንደነበር የሠፈሩ ሽማግሌዎች ይነግሩን ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን አይተው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር፣ ቸርችል ጎዳና ሳይኖር፣ ለገሃር ባቡር ሳይጮኽ፣ እኝህ ሰው በዝግባ ጥላ ሥር ጎጆ ሠርተው የኦሮሞ ልጆች ያስተምሩ፣ በሽተኛ ያክሙ፣ ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር። ገበሬው ከብቱን ፍልውሃ የሚያጠጣበት አገር ነበር። እኛ የአራዳ ልጅ ነን እያልን ስንኮራ፣ አራዳ ከእኛ በፊትም ሰው እንደነበረባት መርሳት አይገባንም።

መባረርና እርጅና

የግብጽ ጦር በ1875 እና በ1876 አገራችንን ወግቶ በጉንደትና በጉራዕ ድል ከሆነ ወዲህ ዐፄ ዮሐንስ የውጭ ሰውን ሁሉ በዐይነ ቁራኛ ይመለከቱ ነበር። አገሪቱም በአንድ ሃይማኖት ካልታሰረች አትጸናም ብለው ያምኑ ነበር። በ1878 ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ ከስምምነቱ አንዱ የውጭ ሰባኪዎች ከሸዋ እንዲወጡ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የወሎ እስላሞችም ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ። ስለዚህ የተጨነቁት ካቶሊኮች ብቻ አልነበሩም።

ምኒልክ አቡነ ማስያስን እየወደዱ መስጠት ግድ ሆነባቸው። በ1879 አቡነ ማስያስና ጓደኞቻቸው ወደ ዐፄ ዮሐንስ ዘንድ ደብረ ታቦር ተላኩ፤ ከዚያም በመተማ በኩል በሱዳን እንዲወጡ ተፈረደ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ለሠላሳ ሦስት ዓመት የለፉበትን አገር ሁለተኛ ላያዩት ትተው በረሃውን ጀመሩ።

ሮማ ሲደርሱ ስለደከሙ ሹመታቸውን መለሱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ግን ያዩትን ሁሉ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ታዛዥነት እንግዲህ እስከ እርጅና ነው። በየስደቱ ማስታወሻዎቻቸው ስለጠፉባቸው አብዛኛውን ከትዝታቸው አወጡት። በላይኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፉት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ዐሥራ ሁለት ትልልቅ ጥራዝ ሆኖ ከ1885 እስከ 1895 ታተመ። የመጨረሻዎቹ ጥራዞች የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው። በ1884 ካርዲናል ተባሉ፤ ሆኖም የካፑቺን ኑሯቸውን አልተዉም። ነሐሴ 6 ቀን 1889 በናፖሊ አጠገብ ሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ በምትባል ከተማ ዐረፉ። መቃብራቸው በሮማ አቅራቢያ ፍራስካቲ በሚገኘው የካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያም በስማቸው የኢትዮጵያ ዕቃ የተሰበሰበበት ሙዚየም አለ።

ክርክሩን በተመለከተ

አሁን ወደ ሁለቱ አባሎቻችን ክርክር እንመለስ። ያገኘነውን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

የመጀመሪያው አባላችን የተናገሩት ፈጽሞ ከባዶ የመጣ አይደለም። አቡነ ማስያስ የምኒልክንና የጣሊያን መንግሥትን ግንኙነት ለመጀመር ረድተዋል። በ1876 በአንቲኖሪ መሪነት ሸዋ የመጡትን የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ተቀብለው አስተናግደዋል። እሳቸው ባረፉበት በዚያው በ1889 በግንቦት ወር የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ የአንቀጽ 17ን ጉድና የዓድዋን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያም ወዲህ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ በ1939 በስማቸው ፊልም ሠርቶ፣ እዚሁ በአገራችን ምድር አንሥቶ፣ በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ሸልሞታል። ፊልሙ ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ለደግነት ነው ለማሰኘት የታሰበ ነበር።

ሆኖም ሰውየው ያረፉት ፋሺስት ከመፈጠሩ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። የሞተ ሰው ስሙን ሲዘርፉት እምቢ ማለት አይችልም። በተረፈ ምኒልክ ራሳቸው የአውሮፓን መሣሪያና ጥበብ ፈልገው መነኩሴውን ይሠሩባቸው ነበር እንጂ ተታለው አልነበረም። ደግሞስ ያው የካፑቺን ማኅበር የሐረሩን አባ እንድርያስ ዣሮሶን አላፈራም ወይ? እኝህ ፈረንሳዊ ካፑቺን ከ1900 ጀምሮ በሐረር ጳጳስ ነበሩ፤ ልጅ ተፈሪን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፣ በልጅነታቸው ካስተማሩት አንዱ ናቸው። ያሰናበታቸው ፋሺስት ጣሊያን ነው፤ በ1941 በስደት አገራቸው ፈረንሳይ ዐረፉ። ስለዚህ አንድን ቀሚስ አይቶ የለበሱትን ሁሉ በአንድ መፍረድ ልክ አይደለም።

በሌላ በኩል ሁለተኛው አባላችን እንዳሉት ሁሉን ነገር ቅዱስ ብሎ ማለፍም አይቻልም። አቡነ ማስያስ የመጡበት ዘመን አውሮፓውያን የእኛን ሃይማኖት ጎደሎ አድርገው የሚያዩበት ዘመን ነው፤ እሳቸውም ከዚህ አመለካከት ነፃ ነበሩ ለማለት አንደፍርም። ቤተ ክርስቲያናቸው በ2016 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዘመን የጽድቅ ሕይወታቸውን መስክራ ክቡር ብላቸዋለች። ይህ የቅድስና መንገድ አንዱ ደረጃ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ያን ለነሱ እንተወው። እኛ እንደ ጎረቤት የምንመሰክረው ግን ክትባቱን ነው። ልጁ የዳነለት ገበሬ የሠጣቸውን ስም፣ የፈንጣጣ አባት የሚለውን፣ እኛ የምንነጥቅበት ምክንያት አላየንም።

በቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ በማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝቡንም ምድሪቱንም ለፋሺስት አንገዛም ብለው በጥይት የተደበደቡ አባት ናቸው። እሳቸውን የገደለና የአቡነ ማስያስን ስም ለፊልሙ የሸቀጠ ያው አንዱ መንግሥት ነው። ስለዚህ አቡነ ጴጥሮስን ለማክበር አቡነ ማስያስን መስደብ አያስፈልግም፤ አቡነ ማስያስን ለማመስገንም የጣሊያንን በደል መርሳት አያስፈልግም። ሁለቱንም በየመዝገባቸው ማስቀመጥ ነው። በመዝገብ ቤት የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር የአንዱን ሰው ወረቀት ከሌላው ፋይል ውስጥ አለመክተት ነው።

ማጠቃለያ

ውድ አባሎቻችን፣ አንድ ነገር ጨምረን እንዝጋ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራዳ ብዙ ቤት ሲነሣ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከሠፈሩ ወጥተው ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። አንዳንዶቻችን ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ተሳፍረን ነው የምንመጣው። ጡሩንባው ቢነፋ አይሰማንም፤ በስልክ ሆኗል። ባለፈው ስብሰባ ቤቱ ከሌለ ዕድሩስ ምን ይሆናል፣ ገንዘቡን ተካፍለን እንበተን የሚል ሐሳብ መነሣቱ ይታወሳል። ያን ዕለት እኛም በልባችን እሺ ለማለት ዳድቶን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ርቀቱ አድክሞናል።

የእኝህን መነኩሴ ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን ሐሳባችን ተለወጠ። ከትግራይ ወጡ፤ ከከፋ ወጡ፤ ከፊንፊኔ ወጡ። የሠሩት ጎጆ አንዱም አልቆየም። የቆየው ማኅበሩ ነው። ያን ዕለት አባላችንን የቀበሩት ወጣት መነኮሳት ቤት አልወረሱም፤ መሬት አልወረሱም፤ የወረሱት አብሮ የመኖርን ሥርዓት ነው። በሠፈራችን ሰው ያውቀናል የምንለው በግድግዳው ከሆነ ግድግዳው ፈርሷል። በቀብራችን ላይ በሚቆመው ሰው ከሆነ ግን ዕድሩ እስካለ አለን። ስለዚህ በበኩላችን ዕድሩ እንዲቀጥል ድምፃችንን እንሰጣለን፤ የታክሲውንም ነገር ኮሚቴው ቢመክርበት መልካም ነው።

ሁለቱ አባሎቻችንም ይህን ካነበቡ በኋላ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሽማግሌ ፊት እጅ ለእጅ እንዲጨባበጡ በዕድራችን ዳኛ ስም እንጠይቃለን። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበርና ማንም አልተሸነፈም። ቡናው በእኛ ነው፤ ካፑቺኖ የሚል ካለም እንከፍላለን።

ባለፈው ዓመት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ፈጣሪ ይማርልን። ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን፣ ለሁላችንም ጤናን ይስጥልን። ቸር ያሰንብተን።